ተፈታኙን እየተከተለ የሚለካ ፈተና

ሀ. ፈተናው ለምን አስፈለገ?

በሽታ ቀስ በቀስ የያዘው ሰው ወደ ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት የሚያክመውን ባለሙያ ለመምረጥና ስለ ሙያውም ሌሎችን ለመጠየቅ ጊዜ አለው። መኪና ገጭቶት ከመንገድ ዳር የወደቀ ወይም በቤቱ ሳለ ትንፋሹ ድንገት የተቋረጠ ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። በአምቡላንስ ፈጥኖ የሚደርስለት ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ሕይወቱን የሚረከበው እርሱ ነው። «ይህን ሥራ በሚገባ ታውቀዋለህን?» ብሎ ለመጠየቅ በሽተኛው አንደበትም ጊዜም አይኖረውም። ስለዚህ ይህ ጥያቄ አደጋው ከመድረሱ በፊት፣ በበሽተኛው ፈንታ፣ በሌላ አካል መጠየቅ አለበት። ለድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ፈተና ዓላማ ይኸው ነው።

የዚህ ዓይነቱ ፈተና አስፈላጊነት በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ በግልጽ የታወቀው ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ስለ አደጋና አደጋ ስለሚያስከትለው ጉዳት አንድ ዘገባ አወጣ። ዘገባው እንዳመለከተው በ1965 ብቻ በልዩ ልዩ አደጋዎች ምክንያት 107,000 ሰዎች ሞተዋል፤ 400,000 ሰዎች ደግሞ ለዘለቄታው አካላቸው ተጎድቷል። ስለ አምቡላንስ አገልግሎት የተገለጸው ሁኔታ ይበልጥ የሚያስገርም ነበር። ከአገልግሎቱ ግማሽ ያህሉን የሚሰጡት 12,000 የሚሆኑ ቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ። ለዚህ ሥራ የተመረጡት በዋናነት መኪናዎቻቸው ሰውን አስተኝቶ ለመውሰድ ስለሚመቹ እንጂ የሕክምና ዕውቀት ስላላቸው አልነበረም። በመሆኑም በብዙ ሥፍራ ቁስለኛን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰውና አስከሬንን ወደ መቃብር የሚሸኘው መኪና አንድ ነበር።

ይህ ጉድለት ከታወቀ በኋላ በአገሪቱ ሁሉ የሚሠራ አንድ መመዘኛ እንዲኖር ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1970 የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ብሔራዊ መዝገብ የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። ጽሕፈት ቤቱ በኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በኮለምበስ ይገኛል። በሚቀጥለው ዓመት በ1971 የመጀመሪያው ፈተና ለ1,520 የአምቡላንስ ሠራተኞች ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ፈተናው ለብዙ ዓመታት የተሰጠው በወረቀትና በእርሳስ ነበር። ከ2007 መጀመሪያ አንሥቶ ግን ወረቀቱ ቀርቶ ፈተናው በኮምፒዩተር መሰጠት ጀመረ። የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ የአፈታተኑ ዘዴም ጭምር ተለወጠ።

ለ. የወረቀቱ ፈተና ጉድለት ምን ነበር?

በተለመደው የወረቀት ፈተና ሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ያገኘው ነጥብ ተደምሮም ማለፉና መውደቁ ይወሰናል። ይህ ዘዴ ለማዘጋጀትም ለማረምም ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። ጎበዙ ተፈታኝ ገና ሳያነበው የሚመልሰው ቀላል ጥያቄ ስለ ችሎታው አዲስ ነገር አይገልጽም። ደካማው ተፈታኝ በግምት ብቻ የሚነካው ከባድ ጥያቄም እንዲሁ ነው። በሁለቱም በኩል ጊዜ ይባክናል፤ የሚገኘው መረጃ ግን ጥቂት ነው።

ይህን በሚዛን መስሎ መመልከት ይቻላል። አንድ ወርቅ አንጥረኛ አንዲት ቀለበት ለመመዘን ቢፈልግ ከሚዛኑ አንደኛው ወገን እህል የሚመዘንበትን ከባድ ድንጋይ አያስቀምጥም። ቀለበቷ ከዚያ ድንጋይ መቅለሏን ከመመዘኑ በፊትም ያውቀዋልና። እርሱ የሚያደርገው ለቀለበቷ ይቀራረባል ያለውን መመዘኛ ማስቀመጥ ነው። ከበዳት እንደሆነ ያነሣና ያነሰውን ይተካል፤ ቀለላት እንደሆነ ጥቂት ይጨምራል። እንዲህ እያነሣና እየጨመረ ሚዛኑ እኩል ወደሚሆንበት ይደርሳል። ከፍ ያለ ትርጉም የሚሰጠው መመዘኛ ለሚመዘነው ነገር የሚቀራረበው ነው። ለፈተና ጥያቄም ሕጉ አንድ ነው፤ ስለ ተፈታኙ ብዙ የሚናገረው ከችሎታው ጋር የሚቀራረብ ጥያቄ ነው።

ሐ. ኮምፒዩተሩ ጥያቄ የሚመርጠው እንዴት ነው?

ከተፈታኙ ችሎታ ጋር እየተስተካከለ የሚሄድ ፈተና አሳብ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1905 ለሕፃናት ያዘጋጀው መመዘኛ ጥያቄዎቹን ከቀላል ወደ ከባድ ያሰለፈ ነበር፤ ፈታኙም የልጁን መልስ እያየ ወደሚቀጥለው ይሸጋገር ነበር። የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ ጊዮርግ ራሽ ደግሞ በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ የጥያቄን ክብደትና የሰውን ችሎታ በአንድ መለኪያ ላይ ማስቀመጥ የሚቻልበትን የሒሳብ መንገድ አሳየ። በዚህ መንገድ የሰውየው ችሎታና የጥያቄው ክብደት እኩል በሚሆኑበት ቦታ፣ ሰውየው ጥያቄውን የመመለሱና የመሳቱ ዕድል እኩል ይሆናል። ችሎታው ከጥያቄው ክብደት ከፍ ባለ ቁጥር ትክክለኛ መልስ የመስጠት ዕድሉ ይጨምራል፤ ዝቅ ባለ ቁጥርም ይቀንሳል። ፈጣን ኮምፒዩተር ከተገኘ በኋላ ይህ ስሌት በእያንዳንዱ መልስ መካከል በቅጽበት ሊሠራ ቻለ። በአሜሪካ የነርሶች የሥራ ፈቃድ ፈተና በዚህ ዘዴ መሰጠት የጀመረው በ1994 ሲሆን፣ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ፈተና የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

የዘዴውን መሠረት ለመረዳት አንድ የታወቀ ጨዋታ ይበቃል። አንድ ልጅ ከ1 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በልቡ ይያዝ። ጓደኛው «1 ነውን? 2 ነውን?» እያለ በተራ ቢጠይቅ እስከ መቶ ጥያቄ ሊደርስ ይችላል። «ከ50 ይበልጣልን?» ብሎ ቢጀምርና ከመልሱ በኋላ የቀረውን ሁልጊዜ በግማሽ እየከፈለ ቢጠይቅ ግን ከ7 ጥያቄ በማይበልጥ ቁጥሩን ያገኘዋል። ብልሃቱ እያንዳንዱ ጥያቄ ቀደም ሲል በተገኘው መልስ ላይ መመሥረቱ ነው።

በሰው ችሎታ ላይ ግን 7 ጥያቄ አይበቃም። ቁጥር አይሳሳትም፤ ሰው ግን የሚያውቀውን በድንጋጤ ሊስት፣ የማያውቀውንም በዕድል ሊመታ ይችላል። አራት ምርጫ ያለውን ጥያቄ ሳያነብ የሚመርጥ ሰው እንኳ ከአራት አንድ ጊዜ ትክክል የመሆን ዕድል አለው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በአንድ መልስ አይፈርድም። የተፈታኙን ችሎታ በግምት ያሰላል፤ ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችልም አብሮ ያሰላል። ጥያቄው በበዛ መጠን የስሕተቱ ስፋት እየጠበበ ይሄዳል።

ፈተናው የሚጀምረው ከማለፊያው ወሰን ጥቂት ዝቅ ባለ ጥያቄ ነው። ተፈታኙ በትክክል ከመለሰ ቀጥሎ የሚመጣው ከበድ ይላል፤ ከሳተ ደግሞ ቀለል ይላል። ኮምፒዩተሩ የሚመርጠው ግን በክብደት ብቻ አይደለም። የሙያውን ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚመለከቱ ጥያቄዎች ሁሉ በተወሰነላቸው መጠን መቅረብ አለባቸው። አንዱን ክፍል ብቻ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሌላውን ሳይጠየቅ እንዲያልፍ አይፈቀድለትም።

ቀላልና ከባድ ጥያቄ የሚለያዩት በምን እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። «ልቡ መምታት ያቆመን አዋቂ ሰው ደረቱን በደቂቃ ስንት ጊዜ መጫን ይገባል?» ለሚል ጥያቄ መልሱ «ከ100 እስከ 120 ጊዜ» ነው፤ ይህን ትምህርቱን የተከታተለ ሁሉ በቃሉ ሊይዘው ይችላል። ሌላው ጥያቄ ደግሞ እንዲህ ይሁን። አንድ ሰው ደረቱን በኃይል ያመዋል፤ ሐኪሙ ቀደም ሲል ያዘዘለትን ናይትሮግሊሰሪን የተባለ የልብ መድኃኒት በኪሱ ይዟል፤ የደም ግፊቱ ሲለካ ግን የላይኛው ቁጥር 84 ሆኖ ተገኘ። ባለሙያው መድኃኒቱን እንዲወስድ ይርዳውን? መድኃኒቱ ለበሽታው የታዘዘ መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ተፈታኝ «አዎን» ይላል። መድኃኒቱ የደም ሥሮችን በማስፋት የደም ግፊትን እንደሚቀንስ የተረዳው ግን፣ ቀድሞውኑ ዝቅ ያለውን ግፊት አደገኛ ወደ ሆነ ደረጃ እንዳያወርደው «አይሆንም» ይላል። ለበሽታው የሚስማማው መድኃኒት ለዚህ በሽተኛ በዚህች ሰዓት የሚጎዳ ሆነ። የመጀመሪያው ጥያቄ ትውስታን፣ ሁለተኛው ማስተዋልን ይመረምራል። ተፈታኙ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚያጋጥመው የሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ ነው።

መ. ፈተናው የሚቆመው መቼ ነው?

የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ደረጃ አራት ነው። ከታች ወደ ላይ ሁለተኛ በሆነው ደረጃ፣ ይኸውም በአምቡላንስ ላይ የሚሠሩት ብዙዎቹ በሚገኙበት ደረጃ፣ ተፈታኙ የሚቀርብለት ጥያቄ ከ70 ያላነሰ ከ120 ያልበለጠ ነው፤ የተሰጠውም ጊዜ 2 ሰዓት ነው። ከጥያቄዎቹ መካከል 10ሩ ነጥብ የማይያዝባቸው ናቸው። እነዚህ ወደ ፊት ለሚሰጡ ፈተናዎች የተዘጋጁ አዳዲስ ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ ክብደታቸው የሚታወቀው በእውነተኛ ተፈታኞች ፊት ቀርበው ነው። የትኞቹ እንደሆኑ ተፈታኙ ስለማያውቅ ሁሉንም በጥንቃቄ ይመልሳል።

ፈተናው ከሦስት ምክንያቶች በአንዱ ያበቃል። የመጀመሪያው፣ ኮምፒዩተሩ የተፈታኙ ችሎታ ከማለፊያው ወሰን በላይ ወይም በታች መሆኑን 95 በመቶ በሚያህል እርግጠኛነት ሲያውቅ ነው። ሁለተኛው፣ እርግጠኛነቱ ሳይገኝ የጥያቄው ብዛት ከመጨረሻው ወሰን ሲደርስ ነው፤ በዚህ ጊዜ በመጨረሻ የተገኘው የችሎታ ግምት ታይቶ ይወሰናል። ሦስተኛው፣ የተሰጠው ሰዓት ሲያልቅ ነው።

በዚህ ረገድ በተፈታኞች መካከል ብዙ ወሬ ይነገራል። አንዳንዱ «ኮምፒዩተሩ በ70ኛው ጥያቄ ቀጥ ካለ አለፍህ ማለት ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ፈጥኖ ከቆመ ወደቅህ ማለት ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ፈተናው ቶሎ መቆሙ የሚያስረዳው ውሳኔው ግልጽ መሆኑን ብቻ ነው። ከወሰኑ እጅግ ከፍ ያለውም፣ እጅግ ዝቅ ያለውም ሰው በጥቂት ጥያቄ ይለያል። እስከ 120ኛው ጥያቄ የሚዘልቀው ችሎታው ከወሰኑ አጠገብ የሆነ ሰው ነው፤ እርሱም ሊያልፍ ወይም ሊወድቅ ይችላል።

ሠ. ተፈታኙ ሊያውቀው የሚገባ ነገር

በትምህርት ቤት ፈተና የለመደ ሰው ይህ ፈተና ግራ ያጋባዋል። በክፍል ፈተና ጎበዝ ተማሪ አብዛኛውን ጥያቄ ስለሚመልስ ፈገግ ብሎ ይወጣል። በዚህ ፈተና ግን ኮምፒዩተሩ ተፈታኙ የመመለሱና የመሳቱ ዕድል ወደሚቀራረብበት ጥያቄ እየሳበው ስለሚሄድ፣ ጎበዙም ሰነፉም ብዙ ጥያቄ ይስታል። ልዩነቱ የሳቱት ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ነው። አንዱ ቀላሉን ሲስት ሌላው የሚስተው ከባዱን ነው። ስለዚህ በፈተናው መካከል «ሁሉም ከበደኝ» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ስሕተት ነው። ጥያቄው መክበዱ ብዙ ጊዜ የመውጣት እንጂ የመውረድ ምልክት አይደለም።

ሁለተኛው ልማድ ወደ ኋላ መመለስ ነው። በወረቀት ፈተና የከበደውን ዘሎ ሌላውን ከሠሩ በኋላ ወደ እርሱ መመለስ ይቻላል። በዚህ ፈተና የሚቀጥለው ጥያቄ የሚመረጠው ካለፈው መልስ በመነሣት ስለሆነ መዝለልም፣ ተመልሶ ማረምም አይቻልም። ተፈታኙ እያንዳንዱን ጥያቄ በጥሞና አንብቦ፣ አስቦ፣ መልሱን ሰጥቶ ይለየዋል። ይህ ጠባይ ለሥራውም የሚስማማ ነው። በመንገድ ላይ የተሰጠ ውሳኔ ተመልሶ አይሰረዝምና፣ ባለሙያው ያለፈውን ትቶ በፊቱ ያለውን መመልከት ይኖርበታል።

ያለፈ ሰው የሚነገረው ማለፉ እንጂ ነጥቡ አይደለም። ፈተናው ወሰኑ መታለፉን ለማወቅ የተዘጋጀ እንጂ ባለሙያዎችን አንደኛና ሁለተኛ ብሎ ለማሰለፍ አልተዘጋጀም። የወደቀ ሰው የደከመበት የትምህርት ክፍል ተገልጾለት ከ15 ቀን በኋላ እንደገና መፈተን ይችላል። 3 ጊዜ ሳያልፍ ቢቀር ተጨማሪ ሥልጠና መውሰድ ግዴታው ነው፤ 6 ጊዜ ሳይሳካለት ቢቀር ደግሞ ትምህርቱን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሕጉ ለሰው ድካም ቦታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ለበሽተኛው አደጋ በር አይከፍትም።

ረ. የፈተናው ፍትሕና ወሰን

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የተለያየ ጥያቄ፣ የተለያየም ብዛት ከቀረበላቸው ፈተናው እንዴት እኩል ሊባል ይችላል? ለአንዱ 70፣ ለሌላው 115 ጥያቄ መስጠት አድልዎ አይሆንምን?

መልሱ በመለኪያው ላይ ነው። የእያንዳንዱ ጥያቄ ክብደት አስቀድሞ በብዙ ተፈታኞች ተፈትኖ በአንድ መለኪያ ላይ ተመዝግቧል፤ የማለፊያው ወሰንም ለሁሉም አንድ ነው። አንጥረኛው ለአንዷ ቀለበት ሦስት፣ ለሌላዋ ሰባት ጊዜ መመዘኛ ቢለዋውጥ ሚዛኑ አልተለወጠም። እኩልነት ማለት ሁሉንም አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ሳይሆን፣ ሁሉንም በአንድ ሚዛን መመዘን ነው። ጥያቄው ከሰው ወደ ሰው መለያየቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ አንዱ ከሌላው ለመቅዳት ወይም ትናንት የተፈተነው ዛሬ ለሚፈተነው መልስ ለመንገር ያስቸግራል። ይህ የሚሆነው ግን በኮምፒዩተሩ የተከማቸው ጥያቄ እጅግ ብዙ ሲሆንና ምሥጢሩም ሲጠበቅ ነው። ጥያቄ ሰርቆ የሚያሰራጭ ሰው ሚዛኑን ያዛባል፤ በተዛባ ሚዛን ያለፈ ባለሙያ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ምንም በማያውቅ በሽተኛ ላይ ይወድቃል።

ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር ሁሉን አይለካም። ደም የሚፈሰውን ቁስል አጥብቆ ማሰር፣ የተሰበረን እግር ሳያንቀሳቅሱ መደገፍ፣ የሚያለቅስን ሕፃን ማረጋጋት በምርጫ ጥያቄ አይታወቅም። በዚህ ምክንያት የእጅ ሥራ ችሎታ ለብቻው በተግባር ይመዘናል። የምስክር ወረቀቱም ብቻውን የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ባለሙያው የሚሠራበት ግዛት መንግሥት ነው። ከዚህም በላይ ዕውቀት እንዳይዝግ የምስክር ወረቀቱ በየ2 ዓመቱ መታደስ አለበት። ፈተናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በአሜሪካ የሚኖሩና ይህን ሙያ የሚመርጡ አማርኛ ተናጋሪዎች ሙያውንም ቋንቋውንም አብረው ማጥናት ይጠበቅባቸዋል። ማለፊያው ወሰን ግን ለእነርሱም ለአገሩ ተወላጅም አንድ ነው።

በጠቅላላው ተፈታኙን እየተከተለ የሚለካ ፈተና ሰውን ለማሰናከል የተፈለሰፈ ወጥመድ አይደለም። በአጭር ጊዜ፣ በጥቂት ጥያቄ፣ ስለ አንድ ሰው ችሎታ በተቻለ መጠን እውነቱን ለማወቅ የተሠራ መሣሪያ ነው። እውነቱ የሚፈለገውም ለተፈታኙ ክብር ሲባል ብቻ አይደለም። ስሙን ለማያውቀው፣ ነገም በአንድ መንገድ ዳር እጁን ለሚጠብቅ ሰው ሲባል ነው።

መልመጃ

1. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጋት በምንባቡ ውስጥ በተሰጣቸው ፍች መሠረት አስረዱ፤ ከዚያም በዓረፍተ ነገር አግቧቸው።
ሀ) መመዘኛ  ለ) በበሽተኛው ፈንታ  ሐ) ለዘለቄታው  መ) ቀጥ አለ  ሠ) ሚዛኑን ያዛባል

2. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
ሀ) እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ዘገባ ስለ አምቡላንስ አገልግሎት ምን ገለጸ?
ለ) ከ1 እስከ 100 ያለን ቁጥር በ7 ጥያቄ ማግኘት ሲቻል፣ የሰውን ችሎታ ለማወቅ ከዚያ የበለጠ ጥያቄ ያስፈለገው ለምንድን ነው?
ሐ) ፈተናው በ70ኛው ጥያቄ ቢቆም ስለ ተፈታኙ ምን ማለት ይቻላል? ምን ማለትስ አይቻልም?
መ) ስለ ናይትሮግሊሰሪን የቀረበው ጥያቄ ከፊተኛው ጥያቄ የከበደው በምንድን ነው?

3. «እኩልነት ማለት ሁሉንም በአንድ ሚዛን መመዘን ነው» በሚለው አሳብ ላይ በሁለት ወገን ተከፍላችሁ ተከራከሩ፤ የክርክሩንም ፍሬ ነገር በአንድ አንቀጽ ጻፉ።